ፍራንከንስታይን ላይ ጥፋተኛው ማን ነው? (የድሮ ሳይንስ ፊክሽን ወዳጆች ግቡ)

ማስተዋል_ጎተራ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡40

ባለፈው ስለ ድሮዎቹ ሳይንስ ፊክሽኖች የተጀመረው ወሬ መሀል ላይ ወደ ኳስ ስለዞረ ለብቻው ክር ከፍቻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ በኋላ "በኛ ስንት ነው?" እንዳትሉኝ።

ጥያቄዬ ይህቺ ናት። ሜሪ ሼሊ በ1818 ባሳተመችው "ፍራንከንስታይን" ላይ ጥፋቱ የተፈጸመው የቱ ጋ ነው? ያነበበውም ያላነበበውም "ሰውየው የፈጣሪን ሥራ ልሥራ ብሎ ተቀጣ" ይልና ይዘጋዋል። እኔ መጽሐፉን ሳነበው ሌላ ነገር ነው ያገኘሁት።

እስቲ ያቺን ሌሊት አብረን እንያት። ቪክቶር ፍራንከንስታይን ኢንጎልሽታት ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከሬሳ ሰው ለመሥራት ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ለፍቷል። ወሩ ኅዳር ነው፤ ዝናቡ መስኮቱን ይመታል፣ ሻማው ሊያልቅ ደርሷል። ፍጡሩ ዓይኑን ገለጠ። ቪክቶር ምን አደረገ? አስቀያሚ ሆነብኝ ብሎ ሸሽቶ መኝታ ቤቱ ገብቶ ተኛ! ሲነቃ ፍጡሩ የአልጋውን መጋረጃ ገልጦ ቆሟል። አፉን ከፍቶ የማይገባ ድምፅ ያሰማል፣ ፈገግ ይላል፣ እጁን ይዘረጋል። አዲስ የተወለደ ሕፃን የሚያደርገውን እኮ ነው የሚያደርገው። ቪክቶር ደረጃውን በሩጫ ወርዶ ግቢ ውስጥ ሲንቆራጠጥ አደረ። በማግስቱ ጓደኛውን ክለርቫልን አስከትሎ ሲመለስ ክፍሉ ባዶ ሆኖ አገኘው፤ በደስታ አጨበጨበ።

አጨበጨበ! ስምንት ጫማ ቁመት ያለው፣ ቋንቋ የማያውቅ፣ ብርድና ረሃብ ምን እንደሆነ ያልገባው ፍጡር ለብቻው ከተማ ውስጥ ወጥቶ ጠፍቷል፤ የሠራው ሰው ደግሞ "ተገላገልኩ" ይላል።

አቋሜን ልናገር። መሥራቱ ጥፋት አይደለም፤ ጥሎ መሄዱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሞት ሁሉ የዚያች ጭብጨባ ልጅ ነው። ተቃዋሚ ይምጣ።

አባ_ቀልዴ | 2፡52

እኔ ፊልሙን ነው ያየሁት። አንገቱ ላይ ብሎን ያለው አይደል? ሲገጥሙት አላጠበቁትም፣ በቃ፣ ምን ያከራክራል።

ጠበቃዋ | ከምሽቱ 3፡30

ማስተዋል፣ ጥሩ ተሟግተሃል፤ ደንበኛህን ግን ነጻ አላወጣኸውም። መጣል፣ መገፋት፣ መደብደብ የቅጣት ማቅለያ ይሆናል እንጂ ወንጀሉን አይሰርዝም።

የቪክቶር ታናሽ ወንድም ዊልያም ገና ሕፃን ነው። ፍጡሩ መጀመሪያ ያሰበው ልጁን ወስዶ ባልንጀራ አድርጎ ሊያሳድገው ነበር። ልጁ ፈርቶ ሲጮህና "አባቴ ፍራንከንስታይን ነው" ሲል አነቀው። እሺ፣ እዚህ ድረስ በግብታዊነት ነው እንበል። ከዚያስ? ከልጁ አንገት ላይ የወሰደውን፣ የእናትየዋ ምስል ያለበትን ሐብል ጎተራ ውስጥ ተኝታ ባገኛት በቤተሰቡ ሠራተኛ በጀስቲን ልብስ ውስጥ ደበቀው። ያቺ ልጅ ምን በደለችው? ምንም። ይሄ ታስቦበት የተሠራ ነው። የሰው ፍርድ ቤት በማስረጃ እንደሚሠራ አውቆ፣ ማስረጃ ፈብርኮ ንጹሕ ሰው አስገደለ። ክፋት መሥራትን ከሰው ሕግ እንደተማረ እሱ ራሱ አፉን ሞልቶ ይናገራል።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ፍጡሩ አይደለም። ቪክቶር ነው፤ እሱም አንተ ባልካት ሌሊት ሳይሆን በችሎቱ ቀን። ገዳዩ ማን እንደሆነ ያውቃል። ወደ ጄኔቫ ሲመለስ ከከተማዋ አጠገብ በመብረቁ ብልጭታ አይቶታል። ችሎቱ ላይም አለ። አፉን ግን አልከፈተም፤ ምክንያቱ ደግሞ "ዕብድ ነው ይሉኛል" ነው። ጀስቲን በበኩሏ ያልሠራችውን ሠርቻለሁ ብላ አመነች። ለምን ቢባል፣ የንስሐ አባቷ "ካላመንሽ ተወግዘሽ ገሃነም ትገቢያለሽ" እያለ አስጨንቋት ነው። በሞት ተቀጣች።

ከሬሳ ሰው ሠርቶ መሸሽ ለማናችንም አይገጥመንም። የሌላ ሰው ስም ሲጠፋ እያወቁ ዝም ማለት ግን የየሳምንቱ ጉዳያችን ነው፤ ቢሮም፣ ቤተ ዘመድም። ለእኔ የመጽሐፉ እምብርት እዚያ ነው።

ማስተዋል_ጎተራ | 3፡48

ጠበቃዋ፣ የጀስቲን ችሎት እኮ እኔ ካልኩት አይወጣም። መጀመሪያ ከክፍሉ ሸሸ፣ ቀጥሎ ከምስክርነት ሸሸ። ሰውየው አንድ ሙያ ነው ያለው፤ እግሩን ማንሳት።

"ታስቦበት የተሠራ ነው" ላልሽው ግን፦ ማን አሳቢ አደረገው? ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ፣ ምግብ ጠሩኝ።

ጋሽ_መምህር | ከምሽቱ 4፡15

ልጆች፣ ደህና ጨዋታ ይዛችኋል። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የትኛውን እትም ነው ያነበባችሁት?

የ1818ቱ ለንደን ላይ በ3 ቅጽ፣ 500 ቅጂ ብቻ፣ የደራሲ ስም ሳይኖረው ነው የወጣው። ታላቁ ደራሲ ዋልተር ስኮት እንኳ ሲገመግመው የባሏ የገጣሚው የፐርሲ ሼሊ ሥራ መስሎት ነበር። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ያውም ሴት፣ ጀምራው ይሆናል ብሎ ማን ይጠርጥር? የተጀመረው በ1816 በጋ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኢንዶኔዥያ ውስጥ የታምቦራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ስለነበር አውሮፓ በዚያ ዓመት በጋ የሚባል አላየችም። ዝናቡ ቤት ቢዘጋባቸው ገጣሚው ባይረን "እያንዳንዳችን የመናፍስት ታሪክ እንጻፍ" አለ። ከዚያ የወጣ ነው።

በ1831 ግን ሜሪ መልሳ ነካካችው፤ ለረጅም ዘመን ሲታተም የኖረውም ይኸው ነው። በመካከሉ ባሏ ባሕር ላይ ሰምጦ ሞቷል (1822)፤ ሁለት ልጆችም ቀብራለች። ለውጡን ልብ በሉ። በ1818ቱ ላይ ቪክቶር መንገዱን የመረጠው ራሱ ነው፤ ቆም ማለት እየቻለ አልቆመም። በ1831ዱ ላይ ዕጣ ፈንታ እየጎተተ የሚወስደው ሰው ሆኗል፤ "ክፉ ዕድሌ" ማለት ያበዛል። ስለዚህ አንዳችሁ አንዱን፣ ሌላችሁ ሌላውን ይዛችሁ ከሆነ ሁለት የተለያዩ ሰዎችን ነው እየከሰሳችሁ ያላችሁት።

ሌላም ልጨምር። ሜሪ በተወለደች በቀናት ውስጥ እናቷ ሞተችባት። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ላይ ሳለች የመጀመሪያ ልጇ ሞተች። መጽሐፉን ስትጽፍ እቅፏ ውስጥ ሌላ ሕፃን ነበር፤ ስሙ ዊልያም ነው። ፍጡሩ አንቆ የገደለውን ልጅ ስም መልሳችሁ እዩት።

ጠበቃዋ | 4፡22

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። የዊልያምን ነገር አላውቅም ነበር፤ አሁን እንቅልፍ አይወስደኝም። የያዝኩት የ1818ቱን ነው፤ ስለዚህ ክሴ ይቀጥላል።

ካውያ_በእጄ | ከሌሊቱ 5፡05

ሁልጊዜ አንብቤ ብቻ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን ልጻፍ።

ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። መጽሐፉን ያነበብኩት አይባልም፤ ልብስ እየተኮስኩ በጆሮ ማዳመጫ ነው የሰማሁት። ሁላችሁም ስለ መጀመሪያዋ ሌሊትና ስለ ችሎቱ ነው የምታወሩት። መሀሉን ዘለላችሁት።

መሀሉ ላይ ፍጡሩ ከደ ላሲ ቤተሰብ ጎጆ ጋር የተያያዘች፣ ቀና ብሎ እንኳ የማይቀመጥባት ማጎሪያ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። በግድግዳው ስንጥቅ ያያቸዋል። ሳፊ የምትባል የዐረብ ልጅ መጥታ የቤቱ ልጅ ፊሊክስ ፈረንሳይኛ ሲያስተምራት እሱም ከግድግዳው ወዲህ ሆኖ አብሯት ይማራል። አሜሪካ ውስጥ የነበሩት የጥንት ነዋሪዎች የደረሰባቸው ሲነበብ ሳፊ ታለቅሳለች፤ እሱም ወዲህ ሆኖ ያለቅሳል። አብረው ማልቀሳቸውን የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ነው።

እኔ ዐረብኛ የተማርኩት ማድቤት ሆኜ ነው፤ ማዳም ልጆቿን የቤት ሥራ ስታሠራ። ማንም አንቺን እናስተምርሽ ያለኝ የለም። ከበር ወዲህ ሆኜ ቃል እለቅማለሁ፤ ሌሊት ለራሴ እደግመዋለሁ። ስለዚህ ያ ክፍል ለእኔ ሳይንስም ፊክሽንም አልሆነልኝም።

ደግሞ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? መጀመሪያ ከምግባቸው ይሰርቅ ነበር። ድሆች መሆናቸውን ሲያይ መስረቁን ተወ፤ ፍሬና ሥራሥር እየለቀመ ይበላ ጀመር። ሌሊት ሌሊት ጫካ ገብቶ እንጨት ያመጣላቸዋል፣ በረዶ ይጠርግላቸዋል። እነሱ "ደግ መንፈስ ነው" ይላሉ። ሥራውን ይወዱታል። አንድ ቀን ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ብቻውን ሲሆን ጠብቆ ገባ፤ ሽማግሌው ስለማያይ በደንብ አናገረው። የሚያዩት ሲመጡ ግን ፊሊክስ በዱላ ወረደበት። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ፊሊክስን ብትንትኑን ሊያወጣው ይችል ነበር። እጁን አላነሳም። ዝም ብሎ ወጣ።

እዚያ ጋ ካውያውን ነቅዬ ተቀመጥኩ። ጠበቃዋ፣ "ምርጫ" ትያለሽ እኅቴ። ይሄም ምርጫ ነበር። የትኛው መዝገብ ላይ ተጻፈለት?

ጠበቃዋ | 5፡11

እኅቴ፣ ያልሽውን በመዝገብ አስፍሬዋለሁ። የእውነት።

ደጀ_ሰላም | እሑድ፣ ጠዋት 4፡00

ከቅዳሴ መልስ ነው ያነበብኳችሁ። "የትኛው መዝገብ ላይ ተጻፈለት?" የሚለው በላዔ ሰብን አስታወሰኝ። 78 ነፍስ የበላ፣ ቤተሰቡን እንኳ ያልማረ ሰው። ነፍሱ ስትመዘን ግን በእመቤታችን ስም ለተጠማ ለምጻም የሰጣት ጥርኝ ውኃ ከ78ቱ ነፍስ በልጣ ተገኘች። በየዓመቱ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት የምንሰማው ነው። ፍጡሩም ወንዝ ውስጥ ስትሰምጥ ያወጣት ልጅ ነበረች አይደል? ከበደሉ ጋር ትመዘንለት ነው የምለው።

ማስተዋል_ጎተራ | 4፡25

ደጀ ሰላም፣ ጥሩ አመጣህ፤ ልዩነቷን ግን እይልኝ። በላዔ ሰብ ውኃውን ሲሰጥ የተጠማው ሰው በማን ስም እንደሚለምን ነግሮት፣ ተቀብሎት፣ ጠጥቶለታል። ፍጡሩ ልጅቷን ከወንዝ አውጥቶ ነፍሷን ሊመልስ ሲታገል አብሯት የነበረው ገበሬ መጣ፤ ነጥቆት ሮጠ፤ ሲከተለው በጥይት መታው። ቁስሉ እስኪድን ጫካ ለጫካ ተንከራተተ። ዊልያምን ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ቅደም ተከተሉን ሜሪ ሼሊ እንዲሁ አልደረደረችውም። ዱላ፣ ጥይት፣ ከዚያ ግድያ። ትናንት "ማን አሳቢ አደረገው" ብዬ ትቼው የሄድኩት ይሄን ነው።

ጠበቃዋ | 4፡40

በፊሊክስ ዱላና በጥይቱ መሀል ቤቱን አቃጥሏል፤ እሱን ዘለልከው። ቤተሰቡ ለቅቆ ስለሄደ ሰው አልሞተም፤ እሳቱ ግን የተለኮሰው በንዴት ብቻ አይደለም፣ ጨረቃዋ እስክትጠልቅ ጠብቆ ነው።

ናዝሬት_ኔርድ | 5፡30

አባ ቀልዴ በቀልድ ያነሳውን ፊልም በቁም ነገር ላንሳው። የ1931ዱ፣ ጄምስ ዌል ያዘጋጀው፣ ቦሪስ ካርሎፍ የተጫወተበት። ዓለም የሚያውቀው እሱን ነው፤ ክርክሩንም ያበላሸው እሱ ነው ባይ ነኝ።

ፊልሙ ላይ ረዳቱ ጤነኛውን አንጎል ይጥልና የወንጀለኛ አንጎል ይዞ ይመጣል። አለቀ! ፍጡሩ ክፉ የሆነው ክፉ አንጎል ስለተገጠመለት ነው፤ ማንም ምንም አልበደለም፣ የዕቃ ስህተት ነው። መጽሐፉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። እዚያ ፍጡሩ ሚልተንን፣ ፕሉታርክንና የጎተን "ዌርተር" ጫካ ውስጥ ከወደቀ ሻንጣ አግኝቶ የሚያነብ፣ ከአብዛኞቻችን የተሻለ ተናጋሪ ነው። ካርሎፍ ግን ያጓራል እንጂ አይናገርም።

ሐይቁን ደግሞ እዩት። መጽሐፉ ላይ የምትሰምጥ ልጅ ያወጣል። ፊልሙ ላይ ትንሿን ማሪያን እሱ ራሱ ውኃ ውስጥ ይወረውራታል፤ አበባዎቹ ሲንሳፈፉ ስላየ እሷም የምትንሳፈፍ መስሎት። ያው ልጅ፣ ያው ውኃ፣ ድርጊቱ ተገልብጦ። አንደኛው "ሰው የሚሆነው እንዳደረጉት ነው" ይላል፤ ሁለተኛው "ሰው የሚሆነው በተገጠመለት ነው"። የኛ ሰፈር "የሱ ዘር እንዲህ ነው" የሚለው ከሁለተኛው ይመደባል።

ፍጡሩን ሕያው ያደረገው መብረቅም የፊልሙ ነው፤ መጽሐፉ በምን ሕይወት እንደዘራበት በግልጽ አይነግረንም። ዘመኑ ግን የኤሌክትሪክ ነበር። በ1803 ለንደን ውስጥ አልዲኒ የሚባል ጣሊያናዊ የተሰቀለ ወንጀለኛ ሬሳ ላይ ኤሌክትሪክ ሰድዶ መንጋጋውን ሲያንቀሳቅሰው ሕዝብ ቆሞ አይቷል።

አባ_ቀልዴ | 5፡34

ብሎን ብዬ ስንት ነገር አስወጣሁ።

መሐንዲሱ_ሲልቨርስፕሪንግ | ከቀኑ 9፡10

ከፍራንከንስታይን ትንሽ ልውጣ፣ አወያይ አትቆጣኝ። "ማን አደረገው" ካላችሁ የቶም ጎድዊንን "ቀዝቃዛዎቹ ስሌቶች" ማንሳት ግድ ነው። ነሐሴ 1954 "አስታውንዲንግ" መጽሔት ላይ የወጣ አጭር ልብ ወለድ ነው።

አንዲት ትንሽ የድንገተኛ መንኮራኩር ወደ ሩቅ ፕላኔት በትኩሳት ለተያዙ 6 ሰዎች መድኃኒት ይዛ ትበራለች። ነዳጁ ለአብራሪውና ለጭነቱ ብቻ ተለክቶ ነው የተሰጠው። አብራሪው ባርተን ማሪሊን የምትባል የ18 ዓመት ልጅ ተደብቃ ያገኛል። ወንድሟን ልታይ ነው። ቢይዟት ገንዘብ የሚቀጧት መስሏታል። የእሷ ክብደት ካለ ግን መንኮራኩሯ ስታርፍ ትከሰከሳለች፤ ስድስቱም ይሞታሉ። ልጅቷ ወደ ጠፈር ትወጣለች። በቃ፣ ታሪኩ ይሄው ነው። ጎድዊን ልጅቷን የሚያተርፍ መላ እየፈጠረ ሲልክ አርታኢው ጆን ካምቤል እየመለሰበት፣ በመጨረሻ እንድትሞት ሆነ።

ሰው ሁሉ "አይ፣ የተፈጥሮ ሕግ ጨካኝ ነው" ብሎ ያለቅሳል። ሥራዬ ምህንድስና ነውና እኔን የሚያበሽቀኝ በሩ ነው። በሩ ላይ ያለው "ያልተፈቀደለት አይግባ" የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። ቁልፍ የለውም። ከመነሳት በፊት ዕቃ ማስቀመጫውን ከፍቶ የሚያይ የለም። መጠባበቂያ ነዳጅ ጠብታ የለም። እንደዚህ ያለ ንድፍ ይዤ ብቀርብ አለቃዬ በሩን ያሳየኛል፤ ቁልፍ ያለውን በር። አንዲት ልጅ ሰው ከገባ መሞቱ አይቀርም ተብሎ በሚታወቅ ክፍል ውስጥ ዝም ብላ መግባት ከቻለች የገደላት ስሌት አይደለም። ስሌቱን እንደዚያ አጥብቆ ያሰላ፣ በሩን ክፍት የተወ ሰው አለ፤ ታሪኩ ውስጥ ስሙ አይጠራም። ባርተን ያዝናል፣ ልጅቷ ትሞታለች፣ በሩን ክፍት የተወው ሰው ቤቱ እራት ይበላል።

ተረኛ_ነርስ | ከቀኑ 10፡45

መሐንዲሱ፣ ስለ በሩ ያልከው ትክክል። ግን ታሪኩ ስለ በሩ አይደለም፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ስላለው ሰዓት ነው።

ሌሊት ተረኛ ሆኜ አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ቀርቶ ሁለት በሽተኛ ሲኖረኝ "ማን ነው ያላዘዘው?" ማለት እችላለሁ። ብዬም አውቃለሁ። ጥያቄው ግን ለማንኛቸውም አየር አልሆነላቸውም። በዚያ ሰዓት የሚቀርህ እንዴት አድርገህ እንደምታደርገው ብቻ ነው። ባርተንን እይ። ሕጉ ወዲያው አስወጣት ይላል፤ እሱ ፍጥነቱን አስተካክሎ ስሌቱ የፈቀደለትን ያህል ሰዓት ይሰጣታል። ለወላጆቿ ደብዳቤ ትጽፋለች። ወንድሟን በሬዲዮ ታገኘዋለች። ስትገባ የነበረው ድፍረቷ ሁሉ ረግፎ "ምንም አላጠፋሁም እኮ" ስትል አይቆጣትም፣ አይዋሻትም። መጨረሻ ላይ በገዛ እግሯ ነው የምትሄደው።

ቪክቶር ምንም ስሌት ሳያስገድደው ከአልጋው ተነስቶ የሮጠ ሰው ነው። ባርተን ማምለጫ ሳይኖረው ፊቷን እያየ የቆየ ሰው። እኔ ማንኛቸው ሥር ብታከም እንደምመርጥ አውቃለሁ።

መሐንዲሱ_ሲልቨርስፕሪንግ | 11፡02

እቴ፣ ሌሊቱን ተቀበልኩ። አንቺ ጋ ግን ሲነጋ ሪፖርት ይጻፋል፣ የሚጠየቅ ሰው ይኖራል፤ ቢያንስ ሊኖር ይገባል። ጎድዊን ታሪኩ እንዳይነጋ አድርጎ ነው የዘጋው። ካምቤል የፈለገውም እሱን ነው።

ተረኛ_ነርስ | 11፡06

ሪፖርትማ ይጻፋል።

አራት_ኪሎ | ከምሽቱ 1፡20

ኤች ጂ ዌልስ ሳይነሳ ይሄን ያህል መሄዳችሁ ገርሞኛል። "የማይታየው ሰው" (1897)። ከዌልስ በፊት ፕላቶን ያነሳው ጥያቄ ነው፤ ጣት ላይ ሲያዞሩት የሚሰውር ቀለበት ያገኘ እረኛ፣ ንግሥቲቱን አባብሎ ንጉሡን ገድሎ ዙፋኑን ወሰደ። ማንም ካላየን ጻድቅ የሚሆን አለ ወይ ነው ነገሩ።

ዌልስ ቀለበቱን ወደ ላቦራቶሪ ወሰደና መጀመሪያ ያደረገው ማላገጥ ነው። ተመራማሪው ግሪፈን ተሰወረ፤ ልብስ ከለበሰ ግን ይታያል። ስለዚህ በለንደን የጥር ብርድ ራቁቱን ይንቀጠቀጣል። የበላው ምግብ እስኪዋሐደው ሆዱ ውስጥ ይታያል። ውሻ ያሸተዋል። ጭቃ የረገጠ እግሩን ዱካ አይተው የሰፈር ልጆች ይከተሉታል። ጌታ እሆናለሁ ያለው ሰው ሙቅ ካልሲ ፍለጋ ይዞራል።

ዋናው ግን ሌላ ነው። ብዙ ሰው "መሰወሩ አበላሸው" ይላል። አይደለም። ግሪፈን ለምርምሩ ገንዘብ ሲያልቅበት አባቱን ሰረቀ። ገንዘቡ የአባትየው አልነበረም፤ አባትየው ራሱን በጥይት ገደለ። ልጁ ቀብሩ ላይ ቆሞ ቅንጣት ሐዘን አልተሰማውም። ይሄ ሁሉ የሆነው ገና በደንብ ሲታይ ነው! ማስተዋል፣ የአንተን ፍጡር ሌሎች ገፍተው አከፉት እንበል። ግሪፈንን ማን ገፋው? ዌልስ ምንም ሰበብ አልሰጠውም፤ ለዚህ ነው ከሜሪ ሼሊ ይልቅ የሚያስፈራኝ።

በቅንፍ፦ በ1898 ያወጣው "የዓለማት ጦርነት" ገና ምዕራፍ አንድ ላይ ከማርስ መጥተው ምድርን የወረሩትን ማርሳውያን ከመውቀሳችን በፊት አውሮፓውያን ታዝማኒያውያንን በ50 ዓመት ውስጥ እንዴት እንዳጠፏቸው እናስታውስ ይላል። ከዓድዋ ሁለት ዓመት በኋላ ለንደን ላይ ይህ ሲታተም አስቡት። እኛ ያንን ምዕራፍ ስናነብ የምንቀመጠው ከእንግሊዞቹ አንባቢዎች ትይዩ ነው።

አወያይ | 1፡35

ዓድዋ ላይ እንዳትቆዩ፤ ለሱ ሌላ ክር አለ፣ 40 ገጽ ደርሷል።

ማስተዋል_ጎተራ | 2፡10

አራት ኪሎ፣ ግሪፈን ላይ የምመልሰው የለኝም ማለት ይቻላል። ግን አንድ ነገር ልብ በል፤ ዌልስ ግሪፈንን ብቻውን ነው ያኖረው፤ የልጅነቱን አንድ ገጽ እንኳ አልሰጠንም። ሜሪ ሼሊ የመጽሐፏን መሀል በሙሉ ለፍጡሩ አንደበት ለቀቀችለት። ልጅነቱን ሳንሰማ የፈረድንበት ሰውና ሰምተነው የፈረድንበት ሰው እኩል አያስፈሩም።

ጋሽ_መምህር | ከምሽቱ 3፡00

ልጆች፣ አንድ ሰው ረስታችኋል፤ ዋልተንን። ታሪኩን ለእኅቱ በደብዳቤ የሚጽፈው የመርከብ አለቃ ነው። እሱም እንደ ቪክቶር ማንም ያልደረሰበት ልድረስ ብሎ ወደ ሰሜን ዋልታ ሲቀዝፍ በረዶ ውስጥ ተቀረቀረ። መርከበኞቹ "በረዶው ከተከፈተ ወደ አገራችን እንድትመልሰን ቃል ግባልን" አሉት። በዚህ ጊዜ ሊሞት ያጣጥር የነበረው ቪክቶር ቀና ብሎ፣ ምኞት አጠፋኝ ሲል የከረመው ያው ሰው፣ "እንደ ጀግና ተመለሱ እንጂ እንደ ፈሪ አትመለሱ" የሚል ንግግር አደረገላቸው። ሊሞት ሲል ደግሞ ያለፈ ሥራዬን መርምሬ የሚነቀፍ አላገኘሁበትም ይላል። ምኞትን ራቅ ብሎ ይመክርና ወዲያው "ግን ሌላው ሊሳካለት ይችል ይሆናል" ይጨምርበታል።

ጀስቲን፣ ዊልያም፣ ክለርቫል፣ ሙሽራው ኤልሳቤጥ፣ አባቱ፤ ሁሉም በእሱ ጦስ ሞተዋል። የሚነቀፍ አላገኘም!

ዋልተን ግን መርከቡን መለሰ። መጽሐፉ ውስጥ በጊዜ የተመለሰ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ካውያ_በእጄ | ከሌሊቱ 5፡40

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዋልተን ወዶ መቼ ተመለሰ? መርከበኞቹ ናቸው እምቢ ያሉት። እሱማ ለእኅቱ ሲጽፍ ተስፋዬን የፈሪዎች ወላዋይነት አጠፋብኝ ብሎ ያማርራል። ዛሬ ሥራ ስለቀለለኝ ደግሜ ሰማሁት። ምስጋናውን ለሠራተኞቹ ስጡልኝ።

ጠበቃዋ | 5፡52

የዛሬው ምርጥ አስተያየት።

ጋሽ_መምህር | ሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ልጄ፣ ማማረሩን ያማርራል። ግን አለቃ ነው፤ ቪክቶርም እምነትህን አጽና እያለ እየገፋፋው ነው። "ሳይወዱ ወደ አደጋ ልመራቸው አልችልም" ያለው እሱ ራሱ ነው። እያማረሩም ቢሆን ትክክለኛውን ማድረግ ካልተቆጠረማ ከእኛ መሀል ማን ይተርፋል?

ካውያ_በእጄ | 1፡30

ይቆጠርለት እሺ። ግን እነሱም ይቆጠርላቸው።